የዘውድነሽ እንግዳ

ህሊና ልጄ፣ በድለሽኛል፤ ቢሆንም አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ። የኮሌጅሽ የጉዞ ትምህርት ከባሕር ማዶ እስከ መንደራችን ግራና ድረስ አምጥቶሽ፣ እኔ አባትሽ በሕይወት እያለሁ ከጎረቤታችን ከዘውድነሽ ቤት አደርሽ። አስተማሪሽ "ተማሪ ወላጁ ቤት አያርፍም" ቢልሽ እሺ አልሽ።

እናትሽ "አንቱ፣ ልጅዎ እኮ ናት፤ ሄደው ያምጧት" ብትለኝ "የሰው እንግዳ አልነጥቅም" አልኳት። የጎረቤትን እንግዳ ማክበር ግን ወግ ነውና፣ ላንቺ ካረድኩት በግ ጎድኑን በአጥር አሻግሬ ላክሁልሽ። የቀረውን እኛ ዘንድ ያረፈችው ፈረንጇ ጓደኛሽ "አባባ፣ ይጨምሩልኝ" እያለች ጨረሰችው፤ እናትሽ እስካሁን ትስቃለች። ልጅቱን ሳሚልኝ።

ለፋሲካ ያለ አስተማሪ ነይ፤ አልጋሽ ተነጥፏል። ጤናና ማስተዋል አይለዩሽ። ዘውድነሽ ቤት የማደርሽን ነገር ግን ዳግመኛ አላነሳውም፤ አንቺም እንዳታነሺብኝ።