የአባዬ አፍንጫና ቀዩ ሳልባትዮ

የካቲት 9

ውሃው ጸጥ። ስድስት ጊዜ ሰው ጭነን ተሻገርን፣ ስድስት ጊዜ ተመለስን። አባዬ እንደ ልማዱ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጭንቅላቱን ከጀልባው የኋላ መቀመጫ ስር ከትቶ አሸተተ። "ንጹህ! አስነሺ።" ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ቤንዚን ከፈሰሰ በአፍንጫው ይይዘዋል። መሣሪያ አያምን፣ ሰው አያምን... አፍንጫውን ብቻ። መጠኑም ቢሆን ያስተማምናል። (ይህን ደብተር ካገኘው አለቀልኝ።)

የካቲት 12

የብረቱ ሳልባትዮ ሥሩ ዝጓል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ቅርፊቱ ተነሳ። ቤንዚን ሊይዝ ነው እኮ የተቀመጠው፣ ለቅርስነት ነው እንዴ?

"በፕላስቲክ እንቀይረው።"

"ፕላስቲክ የውሃ ነው።"

"ለጀልባ ቤንዚን ተብሎ የተሠራ አለ አባዬ። አይዝግም።"

"ያ ብረት አንቺ ሳትወለጂ የነበረ ነው። ታላቅሽ ነው፣ አክብሪው!"

የካቲት 15

ገበያ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የዘይት ጀሪካን። "ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው እህቴ።" አንድ ነው? ቤንዚኑ አለስልሶት መሀል ውሃ ላይ ሲቀደድ አንተ መጥተህ ትቀዝፋለህ? ወፍራሙን መረጥኩ፣ ቀዩን፣ ለቤንዚን መሆኑ ጎኑ ላይ የተጻፈበትን። የመቀመጫውን ስር በገመድ ለክቼ ነበር... ገመዱን ቤት ረሳሁት። በክንዴ ገመትኩ። ገባ! ልክክ አለ።

የካቲት 16

ውርደት። ሰባት ሰው ጫንኩ። መሀል ላይ ሞተሩ ድርግም። የማስነሻ ገመዱን ብጎትት፣ ብጎትት... ወይ ፍንክች። ደንበኛችን ልብስ ሰፊዋ፣ "አዲስ ነገር ስትወዱ!" አለች። ሳልባትዮውን ባየው ጎኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ጉንጭ መስሎ። ክዳኑ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ሳልከፍታት! አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወጣማ። ሻጩ ሁለቴ ነግሮኛል፤ ስትነጂ ክፈቺ፣ ስታቆሚ ዝጊ። እኔ ግን አዋቂ ነኝ...

አባዬ በሁለት ጣቱ ፈታት። ተነሳ። "ታላቅሽ እንዲህ አያደርግም ነበር" አለ። ጀልባው በሙሉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ እሷም ሩቅ ነበረች።

የካቲት 23

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የሞተር ዘይት ልገዛ ሄድኩ። አባዬ ብቻውን፣ እዚያው ጀልባው ውስጥ፣ ሳልባትዮውን እስከ አፉ ሞላው። መተንፈሻውን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ፀሐይ ላይ ተወው። ስመለስ ሰባት ሰው ተሳፍሯል። ገና የመሳፈሪያው ደረጃ ላይ ሳለሁ ሽታው መታኝ። አባዬ ጎንበስ አለ፣ አሸተተ። "ንጹህ! አስነሺ።"

ሳልባትዮው እንደ ኳስ ተነፍቷል። ቤንዚኑ በክዳኑ ዙሪያ ወጥቶ ወለሉ ላይ ያብረቀርቃል። ጮህኩ። "ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!" ልብስ ሰፊዋ እየወረደች፣ "እኔማ ጀልባ ሲባል እንዲህ የሚሸት መስሎኝ..."

"ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ አባዬ።

"አይሸትህም?"

የሚያብረቀርቀውን ወለል አየ። እጁ የሞተሩ ገመድ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ እማዬን ያዝኳት። "ካለፈው ክረምት ጉንፋን ወዲህ ነው። ድስት አርሮ ቤቱ ሲታፈን እንኳ አያውቅም።" ለምን አልነገርሽኝም? "ከጀልባው ታስወርደኛለች ብሎ አስምሎኝ ነዋ።" ስድስት ወር ሙሉ ንጹህ ሲለኝ በየትኛው አፍንጫው ነበር? ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ያን ጀልባ ከኔ አብልጦ ይወደዋል እንዴ? ሰባት ሰው... እሱም ራሱ። ላስወርደው? ወርዶስ ምን ይሆናል? ቤት ተቀምጦ እማዬን ሊያሳብድ?

የካቲት 24

አላናገረኝም። አላናገርኩትም። ጤነኛው ሳልባትዮው ብቻ ነው፤ እብጠቱ ጎድሎለታል።

የካቲት 27

ሳልባትዮውን ከጀልባው አውርጄ መሬት ላይ ልሞላ ስል አባዬ መጣ። ሳልጠራው።

"እስከየት ነው?"

"አራት ጣት አጉድልበት። ሲሞቀው የሚያብጥበት ቦታ ይፈልጋል።"

በራሱ ጣት ለካ፤ የሱ አራት የኔ ስድስት ነው። ተሸክሞ አስገባ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ሰካ፣ መተንፈሻዋን ከፈታት። ሰው ተሳፈረ። ሁሉም ያየኛል፣ እሱንም ያየዋል። በልማዱ ወደ መቀመጫው ስር ጎንበስ አለና... ቆመ። ቀና ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

"ነይ፣ አንቺ አሽትቺ።"

ጎንበስ አልኩ። እርጥብ እንጨትና የአባዬ ጫማ። ሌላ ምንም።

"ንጹህ" አልኩ።

"ጮክ በይ! ሰው ይስማ።"

"ንጹህ!" የሞተሩን ገመድ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "አስነሳ፣ አባዬ።"

አንዴ ጎተተ። ተነሳ።