የዱባለ ሩብ ዙር

ሰኔ 24፣ 2001
ዛሬም ዝናብ። ቡታጅራ ጭቃ በጭቃ። ከአልጋዬ ሆኜ ወርክሾፔን አዳምጣለሁ... ያለኔም ይበየዳል ለካ!
አይሱዙው ከገጨኝ ሦስት ወር ሆነኝ። ከጉልበቴ በታች አምስት ሴንቲሜትር አጥንት የለም። ቆዳ በስቶ ወጥቶ ጭቃ ነክቶት ስለነበር ቆርጠው ጣሉት። እግሩ ራሱ ይቆረጥ ያሉም ነበሩ። አዲስ አበባ ያለችው ዶክተር ግን እምቢ አለች። ከጉድለቱ በላይ ያለውን አጥንት ሰንጥቃ ዙሪያውን ብረት አሰረችልኝ። የብረቱን ዳዶ በቁልፍ በቀን አራት ጊዜ፣ ሩብ ሩብ ዙር አዞራለሁ። የተሰነጠቀው ቁራጭ ቀስ እያለ ወደ ጉድለቱ ይወርዳል፣ ከኋላው አዲስ አጥንት ይበቅላል... ነው ያለችው። ዳዶ ማዞር ለኔ! ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁበት።

ሐምሌ 5
መስቀል ሊደርስ ነው። ይሄን ብረት ታጥቄ አገር ቤት ልገባ? ሰው ምን ይለኛል? እጥፍ ካዞርኩ በግማሽ ጊዜ አያልቅም? ለየሺመቤት አልነገርኳትም። ሚስት ሁሉን ማወቅ የለባትም።

ሐምሌ 19
አዲስ አበባ። ዶክተሯ ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳችው። አዲሱ አጥንት እንደ ሸረሪት ድር ሳስቷል። ስንት ዙር እንዳዞርኩ ጠየቀችኝ፣ ዋሸሁ። የሺመቤት ገልመጥ ስታደርገኝ እውነቱን አወጣሁ። በዚህ ከቀጠለ አይገጥምም፣ ከዚያ በኋላ እግሩን መቁረጥ ነው አለች ዶክተሯ። ክው አልኩ። ለምን እንደቸኮልኩ ስነግራት ግን ሳቀች። ለካ እሷም የአገሬ ልጅ ናት።
"ጋሽ ዱባለ፣ አጥንትዎ መስቀል የሚባል ነገር አያውቅም።"
አስር ቀን ዳዶ መንካት የለም። የዳዶውን ቁልፍ የሺመቤት ወረሰችው።

ነሐሴ 8
አዲሱ አጥንት ራጁ ላይ ነጭ ነጭ ብሎ ሞልቷል! ወንድ እልል ይላል እንዴ? ለብቻዬ አልኩት።

መስከረም 5፣ 2002
ጫፎቹ ተገናኙ። ከዳሌዬ ትንሽ አጥንት ወስደው መገጣጠሚያውን ሞሉበት። ብረቱ እስከ የካቲት አይወልቅም። ይሁን።

መስከረም 17
በር ተንኳኳ። አባቴ! ከጥያ በሚኒባስ፣ ክትፎውን በኮባ ጠቅልሎ። መስቀልን ከቤቱ ውጭ ውሎ የማያውቅ ሰው... የአገር ቤት ሽማግሌዎች ምን አሉህ ብዬ ስጠይቀው፣ ማን ጠየቃቸው አለኝ። አለቀስኩ። ብረቱን እየነካካ ስንት ኪሎ ይሆናል ይላል።

የካቲት 21
ብረቱ ከወለቀ ሁለት ሳምንት። ዛሬ አገር ቤት ገባሁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያለውን ዳገት በእግሬ፣ በአንድ ምርኩዝ! አባቴ ሊደግፈኝ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ሲጠብቀኝ ነበር። አልተደገፍኩም። ከደስታዬ ብዛት ጥዬው ሄጃለሁ። ከኋላ ተጣራ።
"አንተ ልጅ፣ ቆይ እንጂ፣ ልድረስብህ።"
እንዲደግምልኝ ብዬ ያልሰማሁ መሰልኩ።