ታንከሩ ውስጥ የቀረው አየር

ሙሉቀኔ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ወሬ አጥቼ አይደለም፤ እኔና ወሬ መቼ ተለያይተን እናውቃለን። ጥፋት ስለነበረብኝ ነው። ጥፋቴን ሳላስተካክል አንተ ፊት መቅረብ ከበደኝ። አሁን ተስተካክሏልና ልንገርህ፤ ቫርኒሽ የምትረጭበትን ኮምፕሬሰርህን ገደልኩት።

ቆይ፣ አትቆጣ። መጀመሪያ የቤቱን ስማ።

ልጅህ ፍቅርተ ሦስተኛ ዓመት ገባች። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አፍንጫችን ስር ስለሆነ ከእኔ ጋር ናት፤ እንደ አንተው ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ከባጃጅ ነጂው አማቻቸው ጋር በመጨረሻ ታረቁ። የታረቁት እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርሳቸው ነው ይባላል፤ እኔ ምን አውቄ። ጥላሁንም ያው ጥላሁን ነው። ከሁላችን ቀድሞ ወርክሾፑ ይመጣል፣ ቀርከሃውን ይሰነጥቃል፣ ወንበሩን ያስራል፣ ቀኑን ሙሉ ከአምስት ቃል በላይ ሳያወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

አንተ የሄድክ ሰሞን ዘመዶችህ "ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ወርክሾፑ አይከፈት" አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ጥላሁን መሣሪያውን አውጥቶ ከቤታችን ታዛ ስር ይሠራ ጀመር፤ ወደ ውስጥ የምገባው አቧራ ልጠርግ እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለችውን የአየር መለኪያ ጌጅ አየሁ። መርፌዋ ስድስት ላይ ቆማለች። ሆስፒታል በሄድክበት ቅዳሜ ጠዋት ወንበሮቹን ቫርኒሽ ልትቀባ አየር ሞልተህ፣ ሳትቀባ ነው የወጣኸው። ያ ታንከር ውስጥ ያለው አየር አንተ የሞላኸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ማንም እንዳይነካው" አልኩ። ጠርጌ ስጨርስ ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ መርፌዋን አያለሁ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትወርዳለች። በወረደች ቁጥር ይከፋኛል፤ ፍቅርተን ጠርቼ የቱቦውን ማሰሪያ አጥብቂው እላታለሁ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሁለት ላይ ነበረች።

አየር ብቻ አልነበረም ለካ። ከስሩ አየሩ ሲታመቅ የተቋጠረ፣ በየማታው ካልተለቀቀ ብረቱን የሚበላ ውሃ ነበረ።

እኔ ይህን ከየት ልወቅ? በትዳራችን ዘመን ሁሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከወርክሾፑ "ጭስስስ" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እኔም ወጥ አሞቃለሁ፣ አንተም እጅህን ታጥበህ ትገባለህ። ለእኔ ያ ድምፅ "መጣሁ" ማለትህ ነበር። ለምን እንደምታስተነፍሰው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህም። ማሽኑን የምታስተኛው ይመስለኝ ነበር። ልትታመም አካባቢ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ ቀርቶብኝ፣ እራት እየቀዘቀዘ፣ "ምን ነካህ?" ብዬ መቆጣቴን ታስታውሳለህ? ደክሞህ ማጎንበስ አቅቶህ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ሙት ዓመትህ በወጣ በሳምንቱ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠሩ ሴትዮ መጡ። ሃያ ወንበርና አምስት ጠረጴዛ ለጥምቀት ይፈልጋሉ። ጥላሁን ዓመቱን ሙሉ በብሩሽ የቀባቸውን አሳየኋቸው። አንዱን በጣታቸው ዳሰሱና "እህቴ፣ ይሄ ጸጉር አብቅሏል እኮ! እንግዳዬ ተቀምጦ ሲነሳ ጸጉር ለብሶ ሊሄድ ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የብሩሹ ጸጉር ቫርኒሹ ላይ ቀርቶ ነበር። በአየር የተረጨ ካልሆነ ፕላስቲክ ወንበር እንደሚገዙ ነግረውኝ ሄዱ።

ወንድምህ አያ ደሴ ይህን ሲሰሙ ሊጠይቁን መጡ። ቦታው የአባታችሁ ስለሆነ ድርሻ አላቸው፣ አላጠፉም። ወርክሾፑን ዙረው አዩና "የሺ፣ ይህን ትእዛዝ ለጥምቀት ካደረስሽ አፌን እዘጋለሁ። ካላደረስሽ ግን በሩን ወደ መንገዱ አዙረን ለሱቅ እናከራየዋለን" አሉ። ጥላሁን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥላሁንን "ታንከሩን ክፈተው፣ ሥራ እንጀምር" አልኩት። አልከፍትም ብሎ መፍቻውን እኔው እጅ ላይ አስቀመጠልኝ። ተንበርክኬ ከሆዱ ስር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታሁ። "ጭስስስ" አለ። አንተ የሞላኸው አየር ወጥቶ እስኪያልቅ ብዙም አልቆየ። ከኋላው እንደ ጠላ አተላ ያለ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ተንዶለዶለ። ወዲያው ከማድ ቤት የመሶብ ክዳን ሲነሳ ሰማሁ። ፍቅርተ ናት፤ ድምፁን ስትሰማ እጇ ሳታስበው እራት ልታቀርብ ተነስቷል። ገና ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ትዝ ሲላት ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

እንደገና አየር ስንሞላው ታንከሩ በሆዱ በኩል ያፏጭ ጀመር። ዝገቱ በስቶታል። ጥላሁንን "ውሃ እንደሚጠራቀም ታውቅ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። "አውቃለሁ" አለ። "ታዲያ ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?" አልኩት። "እርስዎ ቁጭ ብለው መርፌዋን ሲያዩ እያየሁ፣ በምን አንጀቴ ያስተንፍሱት ልበል እትዬ?" አለኝ። ቆጠርኩት፤ ከአምስት ቃል አልፏል።

አያ ደሴ "ይበየድና ይሥራ" አሉ። በያጁን ጠርተን አሳየነው። በመዶሻው ጫፍ መታ መታ አድርጎ "ይሄን በይጄ አየር ብሞላው ተዝካራችን በአንድ ቀን ይሆናል" ብሎ ሳቀና መዶሻውን ይዞ ሄደ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ የሰፈሩን ነገር ብታይ! ኮምፕሬሰር የማያውቅ ሰው ጠፋ። አያ ደሴ ጋራዥ ያዩትን ግዙፍ አምስት መቶ ሊትር ካልሆነ አሉ፤ ቤተሰባችን ትንሽ ነገር ገዝቶ አያውቅም ይላሉ። ፍቅርተ በስልኳ አንዲት ዘይት የማትፈልግ፣ ድምፅ የሌላት፣ ሻንጣ የምታክል አሳየችኝ። ጎሚስታው የራሱን አሮጌ ሊሸጥልኝ በቀን ሁለቴ ሰላም ይለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ፣ ሳልደብቅህ፣ ቀለሙ የአንተን የሚመስል ሰማያዊ ፈለግኩ። ያወቅኩት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ከጥላሁን ጋር በሚኒባስ ዳንግላ ወረድን። ገበያው ጀርባ የማሽን መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ፣ ጥላሁን ያውቃቸዋል። ሰማያዊውን ሳሳያቸው አላዩትም። "ልጄ፣ ቀለሙን ተይው። ምን ልትሠሪበት ነው? ቤትሽ ያለው መብራት ምን ዓይነት ነው? የት ልታስቀምጪው ነው?" አሉኝ። ሊሸጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ያህል ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም።

ትልቁን ስጠይቃቸው "እሱ ስሪ ፌዝ፣ የፋብሪካ መብራት ይፈልጋል። የአንቺ ቆጣሪ የቤት ነው፤ መስመሩን እስክታስገቢ ጥምቀትም ፋሲካም ያልፍሻል" አሉ። ትንሿን ስጠይቃቸው ደግሞ "ለሚስማርና አቧራ ለመንፋት ታገለግላለች። ሃያ ወንበር በተከታታይ ስትረጪባት ግን ትሞቅና ትቆማለች፣ አንቺም እሷን ስታራግቢ ትውያለሽ" አሉኝ። መሐል ላይ የቆመውን መታ አደረጉት፤ ባለ ሁለት መቶ ሊትር፣ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ የሚዞር፣ ዘይት የሚጠጣ፣ በቤት መብራት የሚሠራ። "በቺንጋ የሚዞረው ረጋ ብሎ ስለሚሠራ ዕድሜ አለው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አያታልልሽ፤ የሚስበው አየር ሌላ፣ አውጥቶ የሚሰጠው ሌላ ነው። የሚሰጠውን ጠይቂ፣ ያም መርጫሽ ከሚጠጣው ይብለጥ። እንጅባራ ደግሞ ከዚህም ይልቅ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ተርፎሽ ይደር።" በላዩ ላይ አንዲት ጠርሙስ የምታህል፣ ከአየሩ ውሃውን የምታጣራ ውሃ መለያ ጨመሩልኝና "ይህችን ሳትገጥሚ እንዳትረጪ" አሉ።

ማሽኑ አረንጓዴ ነው፣ ሙሉቀኔ። ምን ላድርግ።

ስንወጣ "የማን ቤት ነሽ?" አሉኝ። ስምህን ነገርኳቸው። ቆባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ያሉኝን መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ፤ አሁን ከጻፍኩት ደብዳቤው እዚህ ላይ ይቀራል።

በጭነት መኪና መጣ፣ ከአስፋልቱ እስከ ቤት ደግሞ በጋሪ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ገፋ፣ ግማሹ አዘዘ። አያ ደሴ ለክብሩ ወርክሾፑ ውስጥ ፎቶህ ስር ይቁም አሉ። ጥላሁን ግን "አቧራ" አለ፣ ይኸው ነው የተናገረው። የቀርከሃውን ብናኝ እየሳበ ይበላሻል ማለቱ ነው። ስለዚህ ከውጭ፣ የማድ ቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ ሲሚንቶ አስተካክለን፣ ነፋስ እንዲያገኘው ጎኑን ክፍት ትተን ጣሪያ ሠራንለት። አያ ደሴ "ለማሽን ቤት ሲሠራ ዛሬ አየሁ" ብለው የቀረውን በአገውኛ አጉረመረሙ። ሲናደዱ ወዴት እንደሚገቡ ታውቃለህ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንን። ጓጉተን በማለዳ፣ ውርጩ ሳይነሳ ስድስት ወንበር ረጨን። ሲደርቅ ሁሉም ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ኔትወርክ ፍለጋ እስከ መንገዱ ወጥቼ ለሐጂ ደወልኩ። "ውሃ መለያዋስ?" አሉኝ። ተመልሼ ጥላሁንን ጠየቅኩት፤ እኔ በጉጉት ረስቻታለሁ፣ እሱ እንዳትሰበር ብሎ ከነላስቲኳ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧታል። አልተቆጣሁትም። ዓመት ሙሉ ውሃ ያጠራቀምኩ ሰው በምን አፌ እቆጣለሁ? ስድስቱን በአሸዋ ወረቀት ፍቀን እንደ አዲስ ጀመርን። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሞቅ ሳትል፣ ከአምስት ሰዓት በፊት መርጫውን አላነሳንም።

ከከተራ ሁለት ቀን ቀድመን ጨረስን። ሴትዮዋ ሊወስዱ በመጡበት ጠዋት አያ ደሴም ሜትር ይዘው መጡ፤ ለሱቁ የበሩን ስፋት ሊለኩ። ሴትዮዋ አንዱን ወንበር ዳሰሱ፣ ገለበጡ፣ እንደገና ዳሰሱ፣ ከዚያ ሾፌሩን "ጫን" አሉት። አያ ደሴ አንዱ ላይ ተቀምጠው የእጅ መደገፊያውን ሲያሹ ቆዩ። "ሙሉቀን የቀባው ነው የሚመስል" አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ሜትሩን ዘረጉና የራሳቸውን ጉልበት ለኩ። "ለእኔ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፣ መነሳት ያስቸግረኛል" ብለው ጥላሁንን አዘዙት። ስለ በሩ እስከ ዛሬ አላነሱም። አሁን ደግሞ የሞተር ሳይክላቸውን ጎማ አየር የሚሞሉት እኛ ጋ ነው፤ በመጡ ቁጥር "ታንከሩ ትንሽ ነው" ሳይሉ አይሄዱም።

ሐጂ ያሉኝ ይኸውልህ። "ሙሉቀን ቱቦ ሊገዛ ሲመጣ ሻይ ጠጣ ስለው እምቢ ይለኝ ነበር። ሰዓቱን ያይና 'ሐጂ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማስተንፈስ አለብኝ፣ ሚስቴ ወጥ የምታሞቀው በእሱ ነው' ይለኛል።"

ታውቅ ነበር ለካ። እኔ በልቤ ብቻ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። ዳንግላ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

የአሮጌውን ጌጅ ፈትቼ አስቀምጫለሁ፤ መርፌዋ ዜሮ ላይ ናት፣ ትሁን። አዲሱን በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔ ራሴ ተንበርክኬ አስተነፍሰዋለሁ። ለጥላሁንም ለፍቅርተም አልሰጠሁም። ማድ ቤቱ ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ ፍቅርተ ድምፁን ስትሰማ ወጡን ታሞቃለች፣ እኔ እጄን ታጥቤ እገባለሁ። ጉልበቴ እስኪያቅተው በዚህ አስብሃለሁ። ጉልበቴ ባቃተው ቀን ለፍቅርተ ሰዓቱንም ምክንያቱንም እነግራታለሁ፤ ሳትጠይቀኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀረው። ልነሳ።

ያንተው የሺ