አብረን መኖራችንን ማመን ለተሳነው ክፍል

ለተከበሩ የጥንዶች ማስረጃ መርማሪ ክፍል ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ደኅና ነው? ስለ ዓይንዎ ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም፤ የላክንልዎትን ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ማስረጃ አንድ በአንድ ገልጠው ሲጨርሱ ውስጡ አንድም ጥንድ እንዳላገኙ ስለጻፉልን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እርስዎ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።

እኔ ዴርቭላ ኪሊን እባላለሁ፤ የእርስዎው አገር ሰው፣ የሮስኮመን ልጅ ነኝ። ሳንጋባ አብሮኝ የሚኖረው ሰው ደግሞ አኒባል ሶሳ ይባላል፣ ኡራጓያዊ ነው። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አልጋ ላይ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ኖረናል። ሁለት ብርድ ልብስ መሆኑ የአገሩ ልማድ ነውና እባክዎ እንደ መለያየት አይቁጠሩብን። ባለፈው መስከረም አባቴን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ አገሬ መግባቴ ግድ ሆነ። የአኒባል የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ የሚያበቃው ጁን 30 ነው። እርስዎ ከእኔ ጋር እንዲገባ እሺ ካሉ ሁለታችንም አባቴ ዘንድ እንገባለን። አይሆንም ካሉ እሱ ወደ ሞንቴቪዴዮ፣ እኔ ወደ ሮስኮመን። እየሳቅሁ የምጽፍ ብመስልም ፈርቻለሁ።

ይግባኝ ለማለት በሰጡን ሃያ ቀን ውስጥ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ በሁለታችን ስም፣ በአንድ አድራሻ፣ ከታወቀ መሥሪያ ቤት የተጻፉ ስድስት ደብዳቤዎች እንድናቀርብ አዘዙን። ትእዛዝዎን ልንፈጽም ከተማውን አካለልነው። እዚህ ግን ለሁለት ሰው በአንድ ፖስታ የሚጽፍ የለም። የመብራቱ ሒሳብ የሚሄደው ቤቱን ላከራየን ሰው ነው፤ ባንኩ ለየብቻችን ይጽፋል፤ የጥርስ ሐኪሙማ ለሁለታችን አንድ ቀጠሮ ስጠን ብንለው ሲስቅ ቆየ። አኒባል በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ፣ የመመለሻ ቀኑ ያለፈበትን መጽሐፍ ምክንያት አድርጎ በሁለታችን ስም የቅጣት ደብዳቤ እንዲጻፍልን ሠራተኛዋን ለመናት። እሷም “መጽሐፉን የተዋስከው አንተ፤ እሷ ምን አጠፋች?” ብላ መለሰችው። ፍትሕ ያለበት አገር መኖር እንዲህ ያስቸግራል።

ሁለተኛ፦ ከከተማው መዝገብ የወጣ የነዋሪነት ወረቀት ለየራሳችን አቀረብን። መንገዱ አንድ፣ የሕንፃው ቁጥር አንድ፣ የገባንበት ቀን አንድ። እርስዎም “ሁለት ሰዎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ መኖራቸው ጥንዶች አያደርጋቸውም” ሲሉ በጥበብ መለሱ። እውነት ነው። በሕንፃው ሃያ አራት ቤት አለና ምናልባት ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ኖረን ይሆናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እዚህ ላይ የማነሣው ስለ ወረቀቱ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ሦስተኛ፦ ከላክናቸው ሠላሳ ሁለት ፎቶዎች በሃያ ስምንቱ ላይ አንዳችን ብቻ እንደምንታይ ጽፈው አዝነዋል። እኔ ሳነሳው እሱ ይታያል፣ እሱ ሲያነሳኝ እኔ እታያለሁ። ቤታችን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሦስተኛ ሰው አለማኖራችን ጥፋታችን ነው። ወደፊት እናስብበታለን።

አራተኛ፣ ከሁሉም የከነከነኝ፦ ጎረቤታችንን ወይዘሮ ጉንቮር ሄግን ቂመኛ ማለትዎ።

የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ ሁላችንም በተራ እንገለገልበታለን፤ ከልብስ የረገፈውን ብናኝ የሚይዘውን የማድረቂያውን ወንፊት ጠርጎ መውጣትም ደንብ ነው። ማንም ሳይሾማቸው ተራውን የሚጠብቁት የሁለተኛ ፎቋ ወይዘሮ ጉንቮር ናቸው። ጥፋት ያዩ እንደሆነ በር አያንኳኩም፤ ይጽፋሉ፣ ቀን ያስገባሉ፣ ይፈርማሉ፣ በራችን ላይ ይለጥፋሉ። በሦስት ዓመት አርባ አንድ ማስታወሻ ጽፈውልናል፤ አንዱንም ሳንጥል ለእርስዎ ልከናል። ምናልባት ሥራ በዝቶብዎ ሳያነቧቸው ቀርተው ከሆነ ጥቂቱን ልጥቀስልዎት።

“ኖቬምበር 9። ለሦስተኛ ፎቅ ግራ፣ ለሁለታችሁም። የማድረቂያው ወንፊት አልተጠረገም። ብናኙ ቀይ ነው። ቀይ ሹራብ ያለው እሱ ነው።”

“ፌብሩዋሪ 2። ለሁለታችሁም። ተራችሁ ካለቀ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ፤ የእሷ አንሶላ አሁንም ይሽከረከራል። እሱስ ደረጃ መውረድ አይችልም?”

“ጁላይ 17። ወንፊቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ንጹሕ ነው። የት ጠፋችሁ?”

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ አብሮ መኖር ምን ዓይነት ነው? እርስዎ ግን “ጸሐፊዋ በአመልካቾቹ ላይ ቂም ያላቸው ስለሚመስሉ ገለልተኛ ምስክር አይደሉም” አሉ። ከዚያ በፊት የአራት ጓደኞቻችንን ምስክርነት “ወዳጅ ስለሆኑ ያዳላሉ” ብለው መልሰዋል። እንግዲህ የሚወደን ያዳላል፣ የሚጠላን ይዋሻል፣ የማያውቀን ደግሞ አያውቀንም።

ይህን የእርስዎን ቃል ለወይዘሮ ጉንቮር ባልነግራቸው ይሻል ነበር፤ ነገርኳቸው። በማግስቱ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በራችንን አንኳኩ።

“ቂም አለባት ነው የሚሉት? እኔን?” አሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። “ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ አንድ ቀን ሐሰት ጽፌ አላውቅም! ደግሞ እናንተ አብራችሁ ባትኖሩ ኖሮ እኔ ይሄን ሁሉ ወረቀት እጨርስ ነበር? አንድ ሰው ብቻውን ይህን ያህል ብናኝ ከየት ያመጣል?”

“ምነው እርስዎ በተሾሙበት፣ መርማሪ ማለት እርስዎ!” አላቸው አኒባል።

“አንተ ዝም በል! ወንፊቱን ጥረግ!” አሉት። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የምርህን ትሄዳለህ እንዴ?” ሲሉ ጠየቁት። አኒባል ጁን 30 የሚለውን ፈቃዱን አውጥቶ አሳያቸው። ወይዘሮ ጉንቮርም ምንም ሳይጽፉ ወረዱ።

ቁጥር ልሰጠው ያልደፈርኩት ቅሬታ ደግሞ አለኝ። ባልደረባዎ በስልክ “ታዲያ ለምን አትጋቡም? ይቀልላችሁ ነበር እኮ” ብለው መክረውኛል። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። አባቴ ከሆስፒታል አልጋ ላይ በደኅናው እጃቸው እጄን ይዘው “በእግሬ ሄጄ ካልዳርኩሽ እንዳታገቢ” ብለው አስምለውኛል። አሁን በምርኩዝ ከአልጋ እስከ መስኮት ይደርሳሉ። በየሳምንቱ ስንት እርምጃ እንደጨመሩ በስልክ የሚነግሩት ለእኔ ሳይሆን ለአኒባል ነው፤ የእሱ እንግሊዝኛ ባይገባቸውም እሱን ነው የሚያምኑት። አንድ ሽማግሌ ለሠርጌ መራመድ እየተለማመዱ ሳለ ለክፍልዎ ምቾት ስል ልቀድማቸው አልችልም። ይህን በየትኛው ቅጽ ላይ እንደምሞላው ቢጠቁሙኝ ወዲያው እሞላዋለሁ።

በመጨረሻም ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጥርጣሬዎ ጥልቀት፣ እንዲሁም ሦስት ዓመት ያልቆጠርነውን ኑሯችንን ቁጭ ብለን እንድንቆጥር ስላደረጉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በእርስዎ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደሳቅን፣ ስንት ጊዜ እንደተኳረፍን፣ የትኛው ማንኪያ የማን እንደሆነ ለይተን አውቀናል። እግዚአብሔር ለእርስዎም አብሮ መኖርዎን ማንም የማይጠይቅዎት፣ ጎረቤትዎም የሚመሰክርልዎት ሙሉ ጎጆ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ለውሳኔዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቼ፣ ቀና ስል ግን መልስ የምጠብቅ፣

አክባሪዎ
ዴርቭላ ኪሊን
(ማንበቡን ለማረጋገጥ አኒባል ሶሳም ከጎኔ ተቀምጦ ፈርሟል፤ መቀመጡን የሚያስረዳ ሰነድ ግን የለንም።)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ወይዘሮ ጉንቮር ተመልሰው መጡና እርስዎ ማመልከቻችንን ውድቅ ያደረጉበትን ወረቀት ላንብበው አሉ። ወረቀቱን ትተው ግን የመጣበትን ፖስታ ነው ያነበቡት። “እነዚህ ሰዎች የገዛ ጽሕፈታቸውን አያነቡም እንዴ?” አሉኝ። ፖስታው ላይ “ለወይዘሪት ዴርቭላ ኪሊን እና ለአቶ አኒባል ሶሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ” ይላል። ደነገጥን፤ መሳቢያውን ገለበጥነው። ማመልከቻችን መድረሱን የገለጹበት፣ ተጨማሪ ሰነድ ሁለቴ የጠየቁበት፣ መዘግየትዎን ያስታወቁበት፣ ሌላ ፎቶ ያዘዙበትና በመጨረሻም አብረን እንደማንኖር የነገሩን፣ ሁሉም በሁለታችን ስም፣ ሁሉም ወደ አንዲቷ በራችን የመጡ ናቸው። ስድስት ናቸው። ስድስቱንም ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ላኪው የታወቀ መሥሪያ ቤት መሆን አለመሆኑን ግን እርስዎ እንዲያረጋግጡልን በትሕትና እንለምናለን።