የእመቤታችን ፊት ወደ ግድግዳው ሲመለስ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ አንቱሳ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? ጋሼ ባርዳስና ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? የትራፔዞንዳ ባሕር ዘንድሮ ለዓሣ አጥማጆቻችሁ ደግ ነበር? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ቀን ሙሉ አንጋጥጬ ስለምውል አንገቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ ሳይሆን ሥራ ጠምዶኝ ነው። ለዓመታት ተከልክለው የነበሩት ቅዱሳት ሥዕላት በአዋጅ ከተመለሱ ወዲህ የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ባለቀለም ጠጠር ደርድሮ ሥዕል የሚያወጣ ሞዛይክ ሠሪ ይፈልጋሉ። ነገር ግን እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ መስቀልና ሐረግ ስንደረድር ስላደግን፣ የሰው ፊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ጠፋ።

በወደቡ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ከመሠዊያው በላይ ባለው መስቀል ቦታ እመቤታችንን ከነልጇ እንድንሠራ ጠሩን። አለቃችን ሲሲኒዮስ ሽበታም ሰው ነው፤ ከአፉ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ እንደ መጭመቅ ነው። መስቀሉን በመዶሻ ሳይነካ ጠጠር በጠጠር ለቅሞ አወረደና ወርቁን ለእመቤታችን አክሊለ ብርሃን አስቀመጠው። ፊቷን ለእኔ ተወልኝ።

ሠራሁት፤ ግን እንደ ሊጥ ጠፍጣፋ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርጉት እማማ ማክሪና ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ እኚህ ሴትዮ ምን ሆነው ነው? ወባ ይዟቸዋል እንዴ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የእማማ ማክሪና ባል ሥዕል ደብቀሃል ተብለው ተገርፈው፣ በስደት የሞቱ ሰው ናቸው። ስለዚህ የእሳቸው ቀልድ ከሌላው ሰው ቀልድ ይከብዳል። ፍቄ ደግሜ ብሠራውም ያው ሆነ። በመጨረሻ ቄሱ መጥተው ሌላ ሠሪ እንደሚፈልጉ ነገሩን።

ይኼኔ ሲሲኒዮስ ከቆምኩበት መወጣጫ ሥር ሆኖ ተናገረ። ከጉንጯ በታች ያለው ጥላ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ጠጠሮቹም የጉንጩን ክብ ተከትለው ይዞራሉ እንጂ ቀጥ ብለው አይሰደሩም አለ። ቄሱ በምን አወቅህ ብለው ጠየቁት።

«ከመስቀሉ በፊት እዚሁ ነበረች» አለ። «በወጣትነቴ ያፈረስኳት እኔ ነኝ።»

እማማ ማክሪና መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ይተፉበታል ብዬ ፈራሁ። ብዙ ካዩት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አንተ አፍርሰሃታል፣ አንተው መልሳት» አሉት።

እጁ በእርጅና ስለሚንቀጠቀጥ እሱ እየነገረኝ እኔ ደረደርኩ። ዓይኖቿን ብቻ ለማንም አልሰጠም፤ ክንዱን ደግፌለት ራሱ ተከላቸው። መወጣጫው በተነሣ ዕለት መብራት ሲበራ ወርቁ ብርሃኑን ተቀበለ፤ ፊቷ ሥጋ ለበሰ። እማማ ማክሪና «እሷ ናት» ብለው አለቀሱ። ሲሲኒዮስ በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቅቶት ነበር። እሳቸው ሄደው በእጅጌው ጎትተው አስገቡትና ከሥሯ ጎን ለጎን ቆሙ። ታረቁ ብዬ አልዋሽሽም፤ እስከ ዛሬ ሰላምታውን አንዳንድ ቀን ይመልሱለታል፣ አንዳንድ ቀን ይተዉታል።

እትዬ፣ እናታችን የተወችልንን ቅዱስ ሥዕል ከተደበቀበት ከዱቄቱ ሣጥን ላውጣው ወይ፣ አዋጁ ነገ ቢገለበጥስ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነገ የሚሆነውን እኔም አላውቅም። ግን አውጪው። ልጆችሽ ጠግበው ይዩት። ዳግመኛ ቢከለከል እንኳ ያየ ሰው ይኑር።

ጋሼ ባርዳስን እጅ ንሺልኝ። ቴክላንና ትንሹን ኤውስጣቴዎስን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአክስታችን ለዞዪም ጆሯቸው ስለደከመ ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ፕሮኮጲዮስ

ቁስጥንጥንያ፣ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ በዓመተ ዓለም ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት