በእህል መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ያለሽው አንቺ

ሄይደን ክሪክ፣ ነብራስካ
ሜይ 9፣ ከሰዓት በኋላ

ውድ ልጄ ዳርላ፣

እንደምን ከረምሽ? ሲያትል ዝናቡ ጋብ አለላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው፣ እሱንም ለምጄዋለሁ። ዛሬም ከተማችንን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ይዤ መሀል ከተማውን ሳዞር ዋልኩ። መስመሬ ከተጣመመ ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጥሯል።

የድሮው ባንክ አሁን ውሻ ማጠቢያ ሆኗል፤ ካዝናው ውስጥ ፎጣ ይደረድሩበታል። የሆቴሉ ጣሪያ እያፈሰሰ ፎቁን ዘግተውታል። "እዚህ ላይ ስንት ሠርግ ተጨፍሯል" እላቸዋለሁ እንጂ የእኔም እዚያው እንደነበር አልነግራቸውም። ማውራቱም ሰለቸኝ። ደግነቱ ጎዳናውን እግሬ ያውቀዋል።

የምጨርሰው ሁልጊዜ በእህል መጋዘኑ ግድግዳ ነው። ሥዕሉን አትረሺውም፤ ባቡር የሚጠብቀው የከተማው ሰው፣ መሀል ላይ አንቺ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ፣ በቢጫ ቀሚስሽ። ፀሐይ ስለሚበላው ዛሬም በየዓመቱ ጁን ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሰው ፊት ያድሳል። ያልታደሰ ፊት በጡብ ቀለም ይሸፈናል። አምና የፕራተሮቹን አያት ሸፈኗቸው፤ ዘመድ አልቀረላቸውም። ያንቺን ግን አንድም ዓመት አላሳለፍኩም። ከሄድሽ ወዲህ ፎቶ ስላልላክሽልኝ በትዝታ ነው የምቀባሽ።

ዛሬ ታዲያ ከኦማሃ የመጣች አንዲት ለፍላፊ ሥዕሉን አየችና፣

"ባለ ቢጫ ቀሚሷ እርስዎ ነዎት አይደል? ቁርጥ እርስዎን!" አለችኝ።

"ልጄ ናት።"

"ኧረ ይተዉ። ይቺማ ከስልሳ አታንስም።"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሲሄዱ ግን ተመልሼ አፍንጫዬ ግድግዳውን እስኪነካ ተጠጋሁ። ቢጫው ታየኝ፤ ፊትሽ ግን ለዓይኔ ጭጋግ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት። ቀለሙ ተደራርቦ አብጧል፣ አገጩ የእኔው አገጭ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ራሴን ስቀባ ኖሬያለሁ።

የመሣሪያ ሱቁ ኦሪን፣ ሥዕሉን የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

"ሎሪን፣ ዘንድሮ እኔ ልቀባላት።"

"አንተ አጥርህን ቀባ። የልጄን ዓይን ባዕድ አይነካውም።"

"መሰላሉ ላይ ግን አትወጪም። አምና እንዴት እንደወረድሽ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። "እንግዲህ ይሸፈናላ። ደንቡን ያወጣሽው አንቺው ነሽ።"

እውነቱን ነው፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት።

ዳርላ፣ አባትሽ የተቀበረ ዕለት የተባባልነውን አላነሳም። ማን ልክ እንደነበረ ለመከራከር አቅሙም የለኝም። ናፍቀሽኛል። ይህቺን ለማለት ነው ከተማውን ሁሉ የዞርኩት።

ቀለም የሚቀባው ጁን በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ብሩሾቹን አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ መሰላሉን ኦሪን ይይዝልሻል። መጀመሪያ ግን አጠገቤ ቁሚልኝና ፊትሽን ልዳብሰው። አገጭሽ የቱ ጋ እንደሆነ እነግርሻለሁ። ዓይኖቹን አንቺው ትሠሪያቸዋለሽ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

እናትሽ ሎሪን

መልስ አትጻፊልኝ። ደብዳቤሽን ኦሪን ሲያነብልኝ ድምፅሽ አይሰማኝም።