በርበሬውን ያደረቀው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ኃይለማርያም፤

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ፣ የጥቅምት ብርድ አልበረታበትም? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ልበል እንጂ መቀመጥ አቅቶኛል። ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ጎተራ ቤቴ በመግባት ፈንታ በባምቢስ አድርጌ መስቀል አደባባይ ድረስ በእግሬ እዞራለሁ፤ መንገዱም ለባቡሩ ተቆፋፍሮ አቧራ ለብሼ እገባለሁ።

ያንገበገበኝ እህቴ ፀሃዬ በስልክ የነገረችኝ ነው። እርስዎ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ደጋጋ በርበሬዬ ላይ መርዝ ረጭተው አደረቁብኝ ብለዋል አሉ፤ ለኅዳር ሚካኤል በሽማግሌ ፊት ሊያስምሏቸው ቀን ቆርጠዋል። አባባ፣ መሐላ እኮ በእኛ አገር ለልጅ ልጅ ይተርፋል! እሳት ስንጫጫር የኖርን ሰዎች ምን ነካን?

ሥራዬን ያውቁታል። ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት የከርሰ ምድር እንፋሎት የት እንዳለ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ እንፈልጋለን። ሳተላይት ሌሊት የሚያነሳው ፎቶ የመሬቱን ሙቀት ያሳያል፤ ፀሐይ ሳይነካው የሞቀ መሬት ከሥሩ ነገር አለው። ባለፈው ሳምንት የቀበሌያችን ፎቶ እጄ ገባ። የሞቀው መሬት በገመድ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ በርበሬዎን ያልፍና አጥሩን ተሻግሮ የጋሼ ደጋጋን የግጦሽ መሬት ይሰነጥቃል። ከአውሮፕላን በተነሳው ደግሞ የእሳቸውም ሳር በዚያው መስመር ደርቋል። ሰው የራሱን ሳር በመርዝ ያቃጥላል? ሥሩን የቀቀለው ከታች የመጣ ሙቀት ይመስለኛል። በስልክ ይህን ማስረዳት ስለማልችል ፎቶውን በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ አብሬ ልኬዋለሁ።

ፎቶ ያሳስታል፤ ተማርኩ ብዬም ልመክርዎት አልደፍርም። ጎህ ሲቀድ የደረቀውንና ያልደረቀውን ቦታ አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው እጅዎን ይክተቱበት፤ ከዚያ ራስዎ ይፍረዱ።

አሁን የከበደኝን ልንገርዎ። በቢሮው ካርታ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት ካደረግኩ በታኅሣሥ ሙቀቱን የሚለኩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከተሳካ ደግሞ መቆፈሪያው የሚተከልበት መሬት ለእርሻ አይመለስም። ቢሮ ውስጥ ስንቆራጠጥ አለቃዬ ወይዘሮ ብርኽቲ ምን ሆነሃል፣ ቁጭ በል እንጂ ብለው ተቆጡኝ። የአባቴ ማሳ ነው፣ በዚህም ጎረቤቱን ሊያስምል ነው አልኳቸው። ፎቶውን ወደ ራሳቸው ስበው አዩና፣ ብትደብቀው በርበሬው አይበቅል፣ ሰውየውም ከመሐላው አይድኑ አሉኝ። ዛሬ ምልክቱን አደረግኩ። አባባ፣ መሬትዎን የሚያሳጣዎት ሰው ካለ እኔ ልጅዎ ነኝ። እኔን ይቆጡኝ፤ ጋሼ ደጋጋን ግን ይተዉአቸው።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለፀሃዬ ናፍቆቴ ይድረሳት፤ ሰው የሚደብቀውን ነገር ስለነገረችኝም አይቆጧት። አክስቴ ደራርቱንም ሰላም ይበሉልኝ። ለጋሼ ደጋጋ ሰላምታዬን ግን በሰው እንዳይልኩብኝ፤ እርስዎ ራስዎ አጥሩን ተሻግረው ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ሔኖክ
አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ
ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.